የእግዚአብሔር ኃይል ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓርብ ማታ ቤታችን ጥቂት ሰዎች ይሰበሰቡና መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን። እኔ ፓስተር አይደለሁም፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጥናቱን የምመራው ሳሎኑ የእኛ ስለሆነ ይመስለኛል። ከጥናቱ በኋላ ሻይ ሲቀዳ፣ ጫማ ሲደረግ፣ በር ላይ ቆመን ስንሰነባበት የሚነሡት ጥያቄዎች ግን ከዓመት ዓመት አይለወጡም። አብዛኞቹ ስለ እግዚአብሔር ኃይል ናቸው። እሑድ ጉባኤ ላይ ስለሚወራው ሳይሆን ሰኞ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ስለሚያስፈልገው። የምመልሰውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

«የእግዚአብሔር ኃይል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልጆቻችንን ኃይለ ማርያም፣ ኃይለ ገብርኤል፣ ኃይለ ሚካኤል እያልን የምንጠራ ሕዝብ ነን። በየሰፈሩ አንድ ኃይሌ አይጠፋም።

ግን «ኃይለኛ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ አስቡት። «አባቱ ኃይለኛ ነው» ከተባለ የሚቆጣ፣ ቀበቶ የሚፈታ ሰው ነው። ኃይለኛ ዝናብ ጣራ ይገነጥላል። ኃይለኛ አስተማሪ ሲገባ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ስለዚህ የእግዚአብሔር ኃይል ሲባል ወዲያው የሚመጣብን ነጎድጓድ ነው። የሚጥል፣ የሚያስጮህ ነገር።

አዲስ ኪዳን በግሪክኛ ሲጻፍ ለኃይል በብዛት የገባው ቃል «ዱናሚስ» ነው። ማድረግ መቻል፣ አቅም ማለት ነው። «ኤክሱሲያ» የሚባል ሌላ ቃልም አለ፤ እሱ ሥልጣን ነው። ሰባኪዎች «ድማሚት የሚለው ቃል ከዱናሚስ ነው የመጣው!» ብለው ጉባኤውን ሲያስጨበጭቡ ሰምታችሁ ይሆናል። የቃሉ ምንጭ ላይ ልክ ናቸው። ግን አልፍሬድ ኖቤል ለፈንጂው ያንን ስም የሰጠው በ1867 እ.ኤ.አ. ነው። ጳውሎስ ከዚያ 1,800 ዓመት ገደማ ቀድሞ ሲጽፍ በሐሳቡ ፈንጂ አልነበረም። ለሮሜ ሰዎች ወንጌል «ለሚያምኑ ሁሉ የእግዚአብሔር ኃይል ለማዳን ነው» አለ (ሮሜ 1፥16)። ለማዳን ነው ያለው፤ ስለ ማፈንዳት አላወራም።

ሲጸለይልኝ አልወድቅም፣ አልንቀጠቀጥም። ኃይሉ አልደረሰኝም ማለት ነው?

አይደለም። የወደቀውን ሰው አስመሳይ ነው አልልም። እውነት የሚወድቅ አለ፤ ጎረቤቱ ስለወደቀ አፍሮ የሚወድቅም አለ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጸሎቱ ረዘመብኝና ወድቄያለሁ። እግሬ ደክሞኝ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

ጴጥሮስን ተመልከቱት። ከሃምሳ ቀን ገደማ በፊት አንዲት ገረድ ስትጠይቀው «አላውቀውም» ብሎ የማለ ሰው ነው። በበዓለ ሃምሳ ዕለት በዚያችው ከተማ፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ተናገረ። ጌታ አስቀድሞ «መንፈስ ቅዱስ በእናንተ ላይ በወረደ ጊዜ ኃይልን ትቀበላላችሁ» ብሏቸው ነበር፤ ወዲያው ያስከተለው «ምስክሮቼ ትሆናላችሁ» የሚለውን ነው (ሐዋ. 1፥8)። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ሰውየው ሲወድቅ ምን እንደመሰለ አይደለም። ሲነሣ ምን ሆኖ እንደተነሣ ነው።

እሺ፣ በአዘቦት ቀን ይህ ኃይል የት ላይ ይታያል?

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጸልይ በእግዚአብሔር ክብር ጉልበት መጠን፣ በኃይል ሁሉ እንዲበረቱ ይለምናል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እጃችንን አንሥተን አሜን እንላለን። ግን ምን ሊያደርጉበት? ተራራ ሊነቅሉ? ጠላት ሊረግጡ? ጥቅሱ «በሁሉ ለመጽናትና ለመታገሥ» ይላል (ቈላ. 1፥11)። ያን ሁሉ ኃይል ለምኖ ለትዕግሥት! መጀመሪያ ሳነበው አንድ መስመር የተዘለለ መስሎኝ ነበር።

ኋላ ግን ገባኝ። ያስገባኝ ስብከት አይደለም፤ እህቴ ናት። አባታችን በመጨረሻ ዘመኑ የመርሳት ሕመም ያዘው። አራት ዓመት እሷ ጋ ኖረ። «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ይላታል። «ማክሰኞ ነው አባዬ።» ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» «ማክሰኞ ነው አባዬ።» አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብሬያቸው ተቀምጬ ቆጠርኩ፤ ሃያ አንድ ጊዜ ጠየቃት። ሃያ አንደኛውን የመለሰችው የመጀመሪያውን በመለሰችበት ድምፅ ነው። እኔ ሰባተኛው ላይ ተነሥቼ በረንዳ ወጥቻለሁ።

እህቴ አትዘምርም፣ አትሰብክም። መድረክ ላይ ምስክርነት ስጪ ብትባል ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። «እንዴት ቻልሽው?» ስላት «ጠዋት ጠዋት እለምናለሁ፤ የዛሬውን ብቻ ስጠኝ እላለሁ» አለችኝ። ኃይል ስል አሁን የሚመጣብኝ የእሷ ድምፅ ነው።

ከራሴ ደግሞ አንድ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ውስጥ ስሠራ አለቃዬ ደረሰኝ ያልተቆረጠበትን ሽያጭ ከመዝገብ እንዳወጣ ነገረኝ። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ ልጃችን ገና ተወልዳለች። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ እግዚአብሔር የሰጠን የኃይልና የፍቅር፣ ራስንም የመግዛት መንፈስ እንጂ የፍርሃት መንፈስ አይደለም ይለዋል (2 ጢሞ. 1፥7)። ያንን እየደጋገምኩ ገባሁና «ይሄን አልችልም» አልኩት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሰማይ ምንም አልወረደም። አለቃዬም አልተለወጠም። የዚያ ዓመት የደሞዝ ጭማሪ ለሁሉም ሲደርስ ለእኔ ቀረ። ሌላ ሥራ ያገኘሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ምስክርነት ላይ የማይነገር ዓይነት ታሪክ ነው፤ መጨረሻው አያስጨበጭብም። ግን አልችልም ያልኩት እኔ እንዳልነበርኩ አውቃለሁ። እኔን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ፈሪ ነኝ።

ለፈውስ ብዙ ጸለይኩ፤ አልተፈወስኩም። እምነቴ አንሶ ነው?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሕመም ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ የሰውነቱ ነው። ሁለተኛውን «እምነት ቢኖርህ ኖሮ...» ያለው ወንድም ነው የጨመረበት።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን አንብቡ። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። ቀጥሎ ጴጥሮስን ያዘ። ጴጥሮስን መልአክ ከወኅኒ አወጣው። ይህ ሁሉ በአንድ ምዕራፍ ነው። ያዕቆብ ከጴጥሮስ ያነሰ አማኝ ነበር? ታሪኩን የጻፈው ሉቃስ እንዲህ አይልም። እንዲያውም የሚያስቀው ነገር ለጴጥሮስ ሲጸልዩ ያደሩት ሰዎች ናቸው። ጴጥሮስ በር ሲያንኳኳ ሮዴ የምትባል ልጅ ሮጣ ነገረቻቸው፤ «አብደሻል» አሏት። እነዚህ ሰዎች እምነታቸው ሞልቶ ስለፈሰሰ አይደለም ጴጥሮስ የተፈታው።

ጳውሎስ ራሱ የብዙ ሰው ሕመም በእጁ ሲፈወስ ያየ ሰው ነው። ጥሮፊሞስን ግን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄደ (2 ጢሞ. 4፥20)። ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የመጣለት መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነው (2 ቆሮ. 12፥9)።

በእኛም አገር ይሄው ነገር ታይቷል። በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ሰዎች ተወስደው ተገደሉ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ ሕዝቡን ጥዬ አልሄድም አሉ። በዚያው ዓመት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ አሥር ዓመት ገደማ ታስረው በሕይወት ወጡ። ባል ተገደለ፣ ሚስት ወጣች። የማን እምነት በለጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እግዚአብሔር ይፈውሳል? አዎ፣ አምናለሁ፤ በዓይኔም አይቻለሁ። ስለዚህ ዓርብ ማታ ለታመመ ሰው መጸለይ አናቆምም። ነገር ግን ያልተፈወሰውን ሰው የሚመረምር ኮሚቴ አናቋቁምም።

መድኃኒት መውሰድ አለማመን ነው?

በፍጹም። ወንጌሉን የጻፈልን ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር (ቈላ. 4፥14)። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎታል (1 ጢሞ. 5፥23)። «ሆድህን ገሥጸው» አላለውም።

ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሰው ይሞትበታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ብዙ ሰው ሊድን ሲችል፣ «ጸበል እየተጠመቅሁ ነው» ወይም «ተጸልዮልኛል» ብለው ክኒናቸውን የጣሉ ነበሩ። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ ግን ያን ቀን አባ ያሉት ልክ ነው።

ተፈውሻለሁ ካልሽ፣ እሰየው። ሂጂና ተመርመሪ። ኢየሱስ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ሂድና ራስህን ለካህን አሳይ ብሎታል (ማቴ. 8፥4)። በዚያ ዘመን መርምሮ «ነጽቷል» የሚለው ካህኑ ነበር። እውነተኛ ፈውስ ላቦራቶሪ አይፈራም። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የአእምሮ ሕመም፣ ሁሉም እንደዚያው። መድኃኒቱን የሚያቆመው ያዘዘው ሐኪም ነው።

ባሌ ይመታኛል። ሽማግሌዎች «የእግዚአብሔር ኃይል ያስችልሻል፣ ታገሺ» ይሉኛል። ልታገሥ?

አይ እህቴ። ስለ ትዕግሥት ከላይ የጻፍኩትን ማንም አንቺ ላይ እንዲጠቀምበት አልፈልግም። እህቴ አባቷን ስትታገሥ አባቷ አልደበደባትም፤ ታሞ ነበር።

ጳውሎስ ብዙ መከራ ታግሧል። ግን በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ሲያስሩት ዝም አላለም። «የሮሜን ሰው ያለ ፍርድ ልትገርፉ ተፈቅዶላችኋል?» ብሎ መቶ አለቃውን አስደነገጠው (ሐዋ. 22፥25)። ሕግ ጠቀሰ ማለት ነው። ደማስቆ ላይ ሊገድሉት ሲጠብቁት ደግሞ በቅርጫት ሆኖ በቅጥሩ ወርዶ አመለጠ። በዚያች ሌሊት ኃይሉ ያለው ገመዱን ከያዙት ወንድሞች ክንድ ውስጥ ነበር።

በእኛም አገር ሕግ አለ። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መምታት ወንጀል እንደሆነ ይናገራል። ለምታምኛት ሴት ንገሪ። ካስፈለገ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ። ፖሊስ ጣቢያ መሄድ እምነት ማጉደል አይደለም። ሽማግሌዎቹ ያንን ትዕግሥት ለባልሽ ቢያስተምሩት ይሻላል፤ ራስን መግዛት የሚለው ቃል እሱን ነው የሚመለከተው።

«ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» ይላል። እንግዲያው ፈተና አልወድቅም፣ አይደል?

አጥንተሃል?

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ውስጥ ብዙዎቹ ያንን ጥቅስ ደብተራቸው ሽፋን ላይ ጽፈውት እንደነበር አልጠራጠርም። ከፊቱ ያለውን ቁጥር አንብበው። ጳውሎስ መጥገብንም መራብንም፣ መብዛትንም መጉደልንም ተምሬያለሁ ይላል (ፊል. 4፥12)። የጻፈውም ታስሮ ነው። «ሁሉን» ያለው ያንን ነው። ብታልፍም አትታበይ፣ ብትወድቅም አትሙት ነው ነገሩ። ጸልይ፤ የሒሳብ መጽሐፉንም ግለጠው።

አንድ ነቢይ «ኃይሉ እንዲገለጥልህ ዘር ዝራ» ብሎ ብር ጠየቀኝ። ልስጥ?

አትስጥ።

ምክንያቱን ከፈለግህ፣ ሲሞን የሚባል ጠንቋይ ሐዋርያት እጅ ሲጭኑ አየና ይህን ሥልጣን ለእኔም ስጡኝ ብሎ ገንዘብ አመጣ። ጴጥሮስ «ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» አለው (ሐዋ. 8፥20)። ልብ በሉ፣ እዚያ ብር ያቀረበው ገዢው ነው፤ ሻጩ እንቢ አለ። ዛሬ ሻጩ ራሱ ነው ዋጋ የሚጠራው።

ከዚያም በፊት የሶርያ ሠራዊት አለቃ ንዕማን አለ። ከለምጹ ሲነጻ ስጦታ ይዞ ቢመለስ ነቢዩ ኤልሳዕ በሕያው እግዚአብሔር ምሎ አልቀበልም አለ። ሎሌው ግያዝ ግን ቋመጠ። ከኋላ ሮጦ «ጌታዬ ልኮኝ ነው» ብሎ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ። የንዕማን ለምጽ በእሱ ላይ ተጣበቀ (2 ነገ. 5)። ዘይት፣ ውኃ፣ መሐረብ፣ የእጅ ማሰሪያ ሲሸጥ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የግያዝ ሩጫ ነው።

ለቤተ ክርስቲያንህ መስጠት ሌላ ነገር ነው። ለተቸገረ መስጠትም ሌላ ነው። ደረሰኝ ይቆረጥበታል፣ የት እንደዋለ ይጠየቃል። (የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ ብያችኋለሁ።)

መተት ተደርጎብኛል ብዬ እፈራለሁ።

ፍርሃቱን አልንቀውም። ያደግነው እሱን እየሰማን ነው። ግን ሁለት ነገር ልበል።

በኤፌሶን አስማት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ሲያምኑ መጽሐፎቻቸውን ሰብስበው በአደባባይ አቃጠሉ። ዋጋው ሲታሰብ አምሳ ሺህ ብር ሆነ (ሐዋ. 19፥19)። ትልቅ ንግድ ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ የጣሉት ከእሱ የሚበልጥ ስላገኙ ነው። አንተ ደግሞ የሚበልጠውን ይዘህ ያነሰውን ትፈራለህ።

ሁለተኛው፦ ሥራ የጠፋው፣ ልጅ ያልተወለደው፣ ንግዱ የከሰረው በሙሉ በመተት አይደለም። አንዳንዱ የኑሮ ውድነት ነው። አንዳንዱ ሆርሞን ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ «ማን አስደረገብኝ?» ተብሎ ጣት የሚጠቆምባት አንዲት ጎረቤት ወይም አማት መኖሯ ነው። እሷም «ቡና ጠጪ» ብላ ጠርታት የቀረችባትን እያሰበች ብቻዋን ትጠጣለች። የሰው ስም የሚጠራ ጸሎት ሲጀመር እኔ ኮቴን አነሣለሁ።

በዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ነው ያለሁት። ቸርች መሄድ አልችልም። ኃይሉ እዚህም አለ?

ይህን ጥያቄ በድምፅ መልእክት የላከችልኝ ልጅ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሰማል።

በኤምሬትስ፣ በኩዌት፣ በባሕሬን፣ በኳታር የክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን አለ። በሳዑዲ በአደባባይ የቆመ የለም። ግን ከተማው ውስጥ ቢኖርም የዕረፍት ቀን ለማይሰጣት ልጅ ምን ይጠቅማታል?

ዮሴፍን አስቢ። ተሽጦ በባዕድ አገር የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነ። ዘፍጥረት 39 እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር ነበረ ይላል። ስሙ ጠፍቶ ወኅኒ ሲገባም ያንኑ ይደግማል፦ ከዮሴፍ ጋር ነበረ። መሠዊያ አልነበረውም። አብሮት የሚጸልይ አንድ ወንድም አልነበረም። ብቻውን ነበር፣ ግን ብቻውን አልነበረም።

ከአገራችን ደግሞ የወላይታን ታሪክ ልንገርሽ። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ለቀው ወጡ። በወላይታ ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ከ50 ያነሱ ነበሩ። በወላይትኛ የተተረጎመ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበራቸውም። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኟቸው አማኞች ግን ወደ 10 ሺህ ይጠጉ ነበር። ሰዎቹ እስር ቤት ላሉት ምግብ ያመላልሱ ነበር፣ ያፈረሱባቸውን ቤት ይሠሩላቸው ነበር። ጎረቤት ይሄን ሲያይ «ምን ዓይነት ፍቅር ነው?» አለ።

ስለዚህ ማጠቢያ ማሽኑ ሲጮህ የምትጸልዪው ጸሎት ጸሎት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በድምፅ ስልክሽ ላይ አውርጂ፤ በአንድ ጆሮ ይበቃል። ከአገር ቤት አንዲት እህት ጋር በሳምንት አንዴ ተደዋወሉ። ደሞዝሽን ከከለከሉሽ ወይም እጅ ካነሡብሽ ግን ከላይ ለተመታችው እህት የመለስኩት ለአንቺም ነው። ኤምባሲ ደውዪ፣ የአገር ልጅ ፈልጊ። መታገሥ ያለብሽ ናፍቆቱን ነው እንጂ ዱላውን አይደለም።

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። እሷ የምታውቀው ኃይልና እኔ የማውቀው አንድ ነው?

የእኔም እናት ኦርቶዶክስ ናት። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ትጾማለች፣ ሌሊት ትሰግዳለች፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ኪርያላይሶን ትላለች፤ አቤቱ ማረን ማለት ነው። በብዙ ትምህርት እንለያያለን፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ ምሳ ላይ አናነሣውም። ግን ያቺ ሴት ያዋረዳትን ሰው ይቅር ስትል አይቻለሁ። ከየት አመጣችው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከእኔው ጌታ ነው የምለው።

እሑድ እሳት ነኝ፤ ሰኞ አመድ ነኝ። ምን ሆኜ ነው?

ደክሞህ ነው።

ኤልያስ በቀርሜሎስ ላይ ከሰማይ እሳት አወረደ። ወዲያው ከኤልዛቤል ሸሽቶ በረሃ ገባ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞት ለመነ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም፣ ሌላ ኮንፈረንስም አላዘጋጀለትም። አስተኛው። ሲነቃ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰውና አበላው። በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀን ሄደ (1 ነገ. 19)። ኮሬብ ደርሶም እግዚአብሔር በነፋሱ፣ በምድር መናወጡ፣ በእሳቱ ውስጥ አልነበረም። በኋላ ትንሽ የዝምታ ድምፅ መጣ።

ስለዚህ ቅዳሜ የአዳር ጸሎት፣ እሑድ ሁለት ፕሮግራም፣ ማታ ልምምድ ያለበት ዘማሪ ሰኞ አመድ ቢሆን አይገርመኝም። መጀመሪያ ቁርስ ብላ።

ልጸልይ ስንበረከክ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስም በጌቴሴማኒ ወስዷቸዋል፤ ያውም ጌታ ትጉ ብሏቸው። «መንፈስስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው» ነው ያላቸው።

አልጋ ላይ አትጸልይ። ቁም፣ ከተቻለ ተራመድ። ድምፅ አውጣ። ረጅም ከሆነብህ አሳጥረው፤ አቡነ ዘበሰማያት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ታክሲ ሰልፍ ላይ መጸለይም ይቻላል፤ በዚህ ከተማ ጊዜ ይተርፍሃል። እኔ አንድ ሌሊት ሶፋው ላይ ተደፍቼ «ጌታ ሆይ» ብዬ ጀመርኩ። ባለቤቴ ቀስቅሳ «አሜን በል፣ ነግቷል» አለችኝ።